ሼርፖይንት በፓይተን አልገባ አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምሠራው ባሕር ዳር ነው። ከጣና ዓሣ አስጋሪዎች የሚሰበሰበው የቀን መዝገብ በኤክሴል ተሞልቶ የመሥሪያ ቤታችን ሼርፖይንት (የማይክሮሶፍት የፋይል ማከማቻና መጋሪያ አገልግሎት) ላይ ይቀመጣል። ፋይሎቹን በየማታው በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ላወርድ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ተቸግሬያለሁ።

በስሜና በይለፍ ቃሌ ሞከርኩ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ስላለው አልሆነም። ከዚያ አፕ አስመዝግቤ በሚስጥር ቁልፍ ቶከን (ጊዜያዊ የመግቢያ ኮድ) አወጣሁ። ቶከኑ ይመጣል፤ የሼርፖይንትን ሬስት ኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚጠይቁበትን በር) ስጠራ ግን 401 (መግባት አልተፈቀደም የሚል ስህተት) ይመልሳል። ፈቃዱ መጽደቁን በዓይኔ አይቻለሁ።

እንዳነበብኩት በሬስት ኤፒአዩ መንገድ፣ በሚስጥር ቁልፍ ፈንታ ሰርተፊኬት (የአፑን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፋይል) የግድ ነው። በማይክሮሶፍት ግራፍ (የማይክሮሶፍት አገልግሎቶች የጋራ ኤፒአይ) ከሆነ ግን ቁልፉ ይበቃል። የቱ ይሻለኛል? ለአንድ ሳይት ብቻ ፈቃድ የሚሰጠውስ እንዴት ነው? የድርጅቱን ሳይት ሁሉ የሚከፍት ቁልፍ ላፕቶፔ ላይ ማስቀመጥ በጣም ያስፈራኛል። የሠራችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ አጭር ኮድ አሳዩኝ።