«ሳሙና» የሚለው ቃል ላይ ተጣብቄ ቀረሁ

ቋንቋ የምታውቁ እባካችሁ ተባበሩኝ። ስለ «ሳሙና» አመጣጥ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የሩቁ ታሪክ ብዙም አላስቸገረኝም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን «ሳፖ» ብሎ ጽፏል፤ ጋሎች (በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ የኖሩ የጥንት ሕዝቦች) ከሞራና ከአመድ ሠርተው ፀጉር የሚያቀሉበት ነገር ነበር። (ለገላ አይደለም፣ ይገርማል!) ሳፖ ከሚባል ተራራ መጣ የሚለውን ተረት ትቼዋለሁ።

የቸገረኝ የእኛው ነው። ዓረብኛው «ሳቡን» ይላል፣ እኛ «ሳሙና»። «በ» እና «መ» ሁለቱም የከንፈር ድምፆች ስለሆኑ መለዋወጣቸው አይደንቅም። ግን ቃሉ በቀጥታ ከዓረብኛ ነው የገባው ወይስ በሌላ ቋንቋ በኩል? መጨረሻ ላይ ያለችው «ን»ስ ለምን «ና» ሆነች? ቃሉ የሚገኝበት የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።