የውሻ ቲኤስኤች በሰው ማሽን ዜሮ ሆነብኝ፣ አስቸኳይ!

ፒፔት፦ ሰላም፣ የሰው ላብራቶሪ ነው የምሠራው። አንድ የእንስሳት ሐኪም የውሻ ደም አምጥተው ቲኤስኤች (ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት ዕጢ የሚያዘው ሆርሞን) እና ቲ4 (ዕጢው ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን) አዘዙ። ቲኤስኤች ማሽኑ ከሚያነበው በታች ነው። ደገምኩት፣ ያው። ቲ4 1.6፣ "ዝቅተኛ" ብሎ ቀይ አደረገው። ኮንትሮሉ (መጠኑ የታወቀው የማሽን መፈተሻ ናሙና) ሰላም ነው። ባለቤትየዋ ውጭ እየጠበቀች ነው። ሬኤጀንቱ (መመርመሪያ ኬሚካሉ) ተበላሽቶ ይሆን?

ካሊብሬተር፦ ማሽኑን ካሊብሬት አድርገው፣ ልኩን አስተካክለው።

ሾላ፦ ውሻው ካርድ አውጥቷል?

ዶክተር ከቢሾፍቱ፦ ሬኤጀንትህ ደህና ነው። ቲኤስኤች ፕሮቲን ነው፤ የውሻው ከሰው ይለያል። የሰው ኪት (የመመርመሪያ ስብስብ) ውስጥ ያለው አንቲቦዲ፣ ሆርሞኑን የሚይዘው ፕሮቲን፣ የውሻውን በደንብ አይዘውም። ለውሻ የተሠራ ኪት ያስፈልጋል። ቲ4 ግን በሁለቱም አንድ ዓይነት ሞለኪውል ነው። የሚለየው መጠኑ ነው። የጤነኛ ውሻ ቲ4 በዴሲሊትር ከ1 እስከ 4 ማይክሮግራም አካባቢ ነው፣ የሰው ከ5 እስከ 12 አካባቢ። ማሽንህ ጤነኛውን ውሻ ሁሉ ቀይ ያደርግብሃል።

ጋሼ ኪውሲ፦ ሞለኪውሉ አንድ ስለሆነ ብቻ ምርመራው ለውሻ ይሠራል ማለት አይደለም! ቲ4ን የሚሸከሙት ፕሮቲኖች ይለያያሉ። መጀመሪያ አንድ የውሻ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ) በአንድ ቀን ደጋግመህ ሥራ፣ ከዚያ በተለያየ ቀን። ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ እይ፤ በተለይ 1 አካባቢ፣ ውሳኔው ያለው እዚያ ነው። ቀጥሎ ቲ4 የበዛበትን ሴረም በግማሽ፣ በሩብ አቅጥነው። ቁጥሩም አብሮ በግማሽ፣ በሩብ ካልወረደ ኪቱን አትመነው። የታወቀ መጠን ቲ4 ጨምርበትና የጨመርከው ተመልሶ መነበቡን አረጋግጥ። ለውሻ ከተረጋገጠ ዘዴ ጋርም አወዳድር። ለኖርማል ሬንጅ ደግሞ 120 ጤነኛ ውሻ ቢገኝ ጥሩ ነው።

ሾላ፦ 120 ውሻ? ማታ ሰፈራችን ብቅ በል። ደም የሚቀዳውን ግን ራስህ ፈልግ።

ካሊብሬተር፦ ካሊብሬት አደረግኸው ወይስ አላደረግኸውም?

ማሚ ቬት፦ ቆይ፣ ታይሮይድ ለምን ታዘዘ? ውሻው በሌላ በሽታ ከታመመ፣ ወይ ፕሬድኒሶሎን፣ ፌኖባርቢታል ወይም ሰልፋ ከወሰደ የታይሮይድ በሽታ ባይኖርበትም ቲ4 ሊወርድ ይችላል። ስለ መድኃኒት ምንም አልጻፍክም።

ፒፔት፦ ሐኪሙን አሁን ጠየቅኳቸው። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል ይወስዳል! ማንም አልነገረኝም እኮ። ታዲያ ውጤቱን ምን ብዬ ልጻፍ?

ዶክተር ከቢሾፍቱ፦ ቲኤስኤችን "አልተሠራም፣ ኪቱ የሰው ነው" በል። ዜሮ ብለህ እንዳትሰጥ። የቲ4ን ቀይ ምልክት አንሣና "ዘዴው ለውሻ አልተረጋገጠም" የሚል ማስታወሻ ጨምርበት። ሴረሙን ለይተህ ፍሪዘር ክተት፤ የውሻ ቲኤስኤች የሚሠራ ላብራቶሪ ከተገኘ ይላካል። እሱም ቢሆን የመጨረሻ ዳኛ አይደለም። ታይሮይዳቸው ከደከመ ውሾች ከ20 እስከ 40 በመቶ በሚሆኑት ቲኤስኤች ኖርማል ይወጣል።

ጋሼ ኪውሲ፦ እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው።

ሊሊ ላብ፦ ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። ኮርቲሶልስ (የጭንቀት ሆርሞኑ)? ነገ አንድ ውሻ ይመጣብኛል።

ማሚ ቬት፦ ሞለኪውሉ ያው ነው፣ ማረጋገጡ ግን አይቀርልሽም። ፕሬድኒሶሎን ላይ ከሆነ ደግሞ ብዙ ኪቶች መድኃኒቱን ኮርቲሶል ነው ብለው ይቆጥሩታል። ደሙን ሳትቀበዪ ጠይቂ።