«ኀሳር» መከራ ነው ወይስ ውርደት?

ጠያቂ (ከቢቸና)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሁለት ጎረቤታሞችን ካስታረቁ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ የዕርቁን ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ከተጣሉት አንዱ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ዘመድ ባዳው በቆመበት፣ ሌባ ተብሎ ተሰድቧል፤ ነገሩም ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት ቄስ «በሕዝብ ፊት ለደረሰበት ኀሳር ይካስ» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙ። ወጣቶቹ ግን «አልተመታ፣ አልታሰረ፤ ምን አሳር አየና ነው?» ብለው ተቃወሙ። የቃሉ ፍችና ምንጩ ምንድን ነው?

የቅኔ ተማሪ፦
ቄሱ ልክ ናቸው። ኀሳር የግእዝ ቃል ነው፤ የወጣውም «ኀስረ» ከሚለው ግስ ሲሆን ኀስረ ማለት ተዋረደ፣ ተናቀ፣ ክብሩን አጣ ማለት ነው። የተዋረደው ሰው ኅሱር ይባላል፤ የክቡር ተቃራኒ መሆኑ ነው። እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ይህ ቃል መከራከሪያ መሆኑ ያሳዝነኛል። ወጣቶቹ የሰሙት አሳርም ከዚያው የመጣ ነው፤ ኀደረ አደረ፣ ኀለፈ አለፈ፣ ሐረሰ አረሰ እንደሆነ ሁሉ፣ ኀሳርም በአማርኛ አፍ አሳር ሆነ። ድምፁ ሲለወጥ ግን ፍችውም አልቆመም፤ የተዋረደ ሰው መከራ ማየቱ አይቀርምና ቃሉ ቀስ በቀስ ከውርደቱ ወደ ስቃዩ ዞረ፤ ስለዚህም ዛሬ «አሳሬን አየሁ» የሚል ሰው የሚያስታውሰው ድካሙን እንጂ የክብሩን መነካት አይደለም።

ከደብረ ማርቆስ፦
የቅኔ ተማሪው ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ቃለ ጉባኤ የሚጻፈው ለሚፈርሙበት ሰዎች ስለሆነ ውርደት ቢባል ይሻላል። ወረደ ከሚለው የወጣ በመሆኑ፣ ሰው ከነበረበት ክብር ዝቅ መደረጉን ማንም ይረዳዋል። አደራ፣ ቅሌት ብለህ ግን እንዳትጽፍ። ቅሌት ቀለለ ከሚለው የመጣ ነው፤ ጋዜጦች «የባለሥልጣኑ ቅሌት» ሲሉም ሰውዬው በገዛ ሥራው ራሱን ማቅለሉን መናገራቸው ነው። በሐሰት ለተሰደበ ሰው ቅሌት ደረሰበት ብሎ መጻፍ ስድቡን በፊርማ ማጽናት ይሆናል። ነውርም የሚባለው የተሳዳቢው ሥራ ነው እንጂ በተበዳዩ ላይ የደረሰው አይደለም።

የቅኔ ተማሪ፦
በቅሌት ላይ ያልከው ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ አላነሣሁትም ነበር። ኀሳርን ከነጭራሹ ማውጣት ግን ቄሱን ማስቀየም ነው። «ለደረሰበት ኀሳር፣ ይኸውም በአደባባይ ለደረሰበት ውርደት» ተብሎ ሁለቱም ይግቡ፤ ኀሳርም በብዙኀኑ ኀ ይጻፍ። ቃለ ጉባኤው በሽማግሌዎች ፊት ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰሚው ፊደሉን አያየውምና ውርደት የሚለው ከጎኑ መኖር አለበት።