የማስተምረው ለተማሪዎቼ ነው ወይስ ለራሴ ደስታ?

ጥያቄ፦
ለጎልማሶች የውጭ ቋንቋ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ወደ ሙያው የሳበኝ የቋንቋው ሥነ ጽሑፍና ሰዋስው ነው፤ ዛሬም ስለ ግሥ እርባታ ሳስረዳ ሰዓቱ እንዴት እንደሚያልፍ አይታወቀኝም። ባለፈው ወር ግን አንዲት ነርስ ትምህርቷን አቋረጠች። ምክንያቷን ስጠይቃት፣ «የመጣሁት ሕመምተኞች የሚነግሩኝን ለመረዳትና መድኃኒታቸውን እንዴት እንደሚወስዱ ለማስረዳት ነበር፤ ከአራት ወር በኋላም ይህን ማድረግ አልቻልኩም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምመርጠው ትምህርት የማንን ጥማት እንደሚያረካ እያሰብኩ እረፍት አጥቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ መምህራን ምን አደረጋችሁ?

የመጀመሪያ መልስ፦
ለቋንቋው ያለዎት ፍቅር በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጉዳት የሚያመጣው የትምህርቱን ይዘት እርሱ ብቻ ሲወስን ነው። ሃችንሰንና ዋተርስ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1987 የተማሪን ፍላጎት በሦስት ከፍለው አሳይተዋል፤ ቋንቋውን በሚጠቀምበት ቦታ የግድ የሚያስፈልገው፣ ከዚያ ውስጥ ገና የሚጎድለው፣ እና ራሱ የሚመኘው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት መጽሐፍ ከመክፈቴ በፊት፣ ቋንቋውን ከማን ጋር፣ የት፣ በስልክ ወይስ ፊት ለፊት፣ በቃል ወይስ በጽሑፍ እንደሚጠቀሙበት እያንዳንዳቸውን በሚገባቸው ቋንቋ እጠይቃለሁ። ለነርሷ ቢሆን የመጀመሪያው ትምህርት «የት ላይ ነው የሚያምዎት? ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ይሆን ነበር፤ የኃላፊ ጊዜ ግሥም ሕመምተኛው ታሪኩን ሲናገር አብሮ ይመጣል። ሰዋስው ቦታው ይለወጣል እንጂ አይቀርም።

ሁለተኛ መልስ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም የተማሪን ፍላጎት ማስቀደም የጠየቀውን ሁሉ መፈጸም እንዳይመስለን እሰጋለሁ። የእኔ ተማሪዎች እያንዳንዱ ስሕተታቸው እዚያው እንዲታረም ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም ማረሙ ጠቃሚ እንደሆንኩ እንዲሰማኝ ስለሚያደርግ በደስታ አደረግሁት። በሁለት ወር ውስጥ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ለመናገር የሚደፍር ጠፋ። አሁን ሲናገሩ ሳላቋርጥ ስሕተቱን በማስታወሻዬ እይዛለሁ፣ ሲጨርሱም ትርጉም ያዛቡትን ብቻ መርጬ አብረን እናያቸዋለን። ይህን ከመጀመሬ በፊት ግን ምክንያቱን በግልጽ አስረድቻቸዋለሁ፤ ጎልማሳ ተማሪ ሳይነገረው የሚለወጥ አሠራርን እንደ ቸልተኝነት ይቆጥረዋል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ለነርሷ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ በሥራዋ ላይ በየቀኑ የሚያስፈልጓትን ጥያቄዎችና መልሶች ጽፋ እንድትልክልኝም ለመንኳት። እንደምትመለስ አላረጋገጠችልኝም፤ ዝርዝሩን ግን ልካልኛለች። በዚያ ቋንቋ እንዴት እንደሚባሉ ለማወቅ እኔ ራሴ ግማሾቹን ከመዝገበ ቃላት መፈለግ ነበረብኝ።