እርዳታ! ሻንጣዬ አልመጣም፣ ነገ የመካከለኛው ዘመን ጥናት ጉባኤ ላይ ጽሑፍ አቀርባለሁ

ሱፍና_ብራና፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም አጣዳፊ ነው። እኔ ደርሻለሁ፣ ሻንጣዬ ግን የለም። ነገ ጠዋት ከመክፈቻው ንግግር ቀጥሎ ጽሑፍ አቀርባለሁ። ማታ ደግሞ የአንድ አሳታሚ ግብዣ አለ። በመጨረሻም ጭፈራ አለ ይባላል። ያለኝ የለበስኩት ብቻ ነው፦ ጅንስ፣ ግራጫ ቲሸርትና ስኒከር። ሙሉ ሱፍ ግዴታ ነው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ "የመካከለኛውን ዘመን ልብስ ለብሰው የሚመጡም አሉ" ብላኛለች። እውነት ነው? እዚህ የማውቀው ሰው የለም። የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ።

ዳር_ተመልካች፦
ወንድሜ አይዞህ። ጥቁር ኮት ግዛ፣ በቃ። ኮት ከላይ ከተደረበ ከሥር ያለውን ማንም አያይም።

ጋሽ_መዝገብ፦
"ግዴታ ነው ወይ" ላልከው፣ ልብስ በሕግ የተደነገገበት ዘመን አንተው የምታጠናው ዘመን ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1363፣ በንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ጊዜ፣ ማን ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሚለብስ በማዕረግ ተለይቶ ታወጀ። የጨርቁ ዋጋ እስከ ስንት እንደሚደርስ እንኳ ተጽፎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተሻረ። በ1463 ደግሞ ከመኳንንት በታች ያለ ሰው የጫማው ሹል ጫፍ ከ2 ኢንች እንዳይበልጥ ተከለከለ። እንዲህ ያለው ሕግ ደጋግሞ መውጣቱ ሰዉ እሺ እንዳላለ ያሳያል። ዛሬ የሚከለክልህ የለም ልጄ። ንጹሕ ከሆንክ ይበቃል።

ቀይ_ቀለም፦
ጋሼ፣ ቁም ነገር ነው የነገሩን፣ ግን ልጁ አሁን የሚፈልገው ሱሪ ነው። ጠያቂ፣ የት ከተማ ነህ? ወንድ ነህ ሴት? ጽሑፉስ ሻንጣው ውስጥ ነው እንዴ የቀረው?

ሱፍና_ብራና፦
ሴት ነኝ። ያለሁት እንግሊዝ፣ ሊድስ ነው። ዛሬ እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው፣ በእነሱ 2፡30 መሆኑ ነው። ላፕቶፑም ጽሑፉም እጄ ላይ ነው፤ ስለ ገዳማት የሱፍ ንግድ ነው የማቀርበው። ያረፍኩት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ትንሽ ተኝቼ ወደ 12 ሰዓት ሱቅ ልወጣ ነው።

ዝምተኛው፦
ስለ ሱፍ ልታወራ ሄዳ ሱፍ አጣች! አይዞሽ እህቴ፣ ይህም ያልፋል።

የቤተ_መጻሕፍት_ጥግ፦
እንዳትተኚ! አሁኑኑ ተነሽ! እንግሊዝ ውስጥ እሑድ እንደ ሌላው ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ ሕግ ጀምሮ ከ280 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሱቅ እሑድ መክፈት የሚችለው ለ6 ሰዓት ብቻ ነው፣ ያውም በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 እስከ ማታ 6 ባለው ውስጥ። 12 ሰዓት ላይ፣ በእነሱ 6 መሆኑ ነው፣ ብትወጪ የተዘጋ በር ነው የሚጠብቅሽ። ከግቢው ወደ መሀል ከተማ ቁልቁል ውረጂ፣ በእግር የሚደረስ ነው። ትሪኒቲ ሊድስ የሚባለውን የገበያ ማዕከል ጠይቂ፤ ርካሽ ልብስ የሚሸጠው ፕራይማርክም እዚያው ነው።

የምትገዢውን ልንገርሽ። ጥቁር ሱሪ፣ ኪስ ያለው ይሁን። ቀለል ያሉ ሁለት ሸሚዞች፣ አንዱ ለነገ፣ አንዱ ሻንጣው ካልመጣ ለማግስቱ። የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፣ የጥርስ ብሩሽ። ሸሚዝ ስትመርጪ ጨርቁን በእጅሽ ጨምድደሽ ልቀቂው። ተጨማዶ ከቀረ ተይው፣ ማደሪያሽ ካውያ ላይኖር ይችላል። አዲስ ጫማ ግን እንዳትገዢ። ግቢው ዳገትና ደረጃ ይበዛዋል፣ ከአዳራሽ አዳራሽ ቀኑን ሙሉ ትመላለሻለሽ። ስኒከርሽን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ አድርጊው። ጠረጴዛ ኋላ ለተቀመጠ ሰው እግሩን የሚያይ የለም።

ዳር_ተመልካች፦
ይቅርታ እህቴ፣ ወንድ መስለሽኝ ነው። መልሴ ግን ያው ነው፣ ጥቁር ኮት።

ጓዝ_ቆጣሪ፦
ስለ ሻንጣው የጠየቃት የለም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትወጪ ለአየር መንገዱ አስመዝግበሻል? ካላስመዘገብሽ ዛሬውኑ ደውዪ ወይም በድረ ገጻቸው አመልክቺ። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ 10 ሆሄ መከታተያ ይሰጡሻል። አድራሻ ስትሰጪ የማደሪያ ሕንፃውን ስምና የምትለቂበትን ቀን ጨምረሽ ጻፊ፣ አለዚያ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሊያመጡት ይችላሉ። የምትገዢውን ሁሉ ደረሰኝ ያዢ። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት በሚደነግገው ዓለም አቀፍ ውል፣ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት አየር መንገዱ በመዘግየቱ ለደረሰብሽ ጉዳት ተጠያቂ ነው። ሻንጣውን ከተረከብሽ ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ አለብሽ። ሱሪና ሸሚዝ ቢባል ያስኬዳል። የሐር ቀሚስ ገዝተሽ ክፈሉኝ ብትዪ ግን ይከራከሩሻል።

መሠረቱን_ፈትሹ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልተስማማኝም። ከ2,000 በላይ ሰው በሚመጣበት ጉባኤ ማን ነው የአንቺን ሸሚዝ የሚያየው? ሰው የሚመጣው ጽሑፍሽን ሊሰማ ነው። ቲሸርቱን ማታ አጥበሽ ጠዋት ልበሺው። ይህን ጊዜ ጽሑፍሽን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለማንበብ ብታውዪው ይሻልሻል። ለአንድ ሰው የሚሰጠው 20 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ አንዱ ካረዘመ የሌላውን ይበላል።

ሦስተኛ_ዓመት፦
@መሠረቱን_ፈትሹ በዚህ አልስማማም። ወንድ ፕሮፌሰር ሸሚዙ ተጨማዶ ቢመጣ "ሐሳብ ላይ ነው" ይባልለታል። ወጣት ሴት ቲሸርት ለብሳ ብትቀርብ ግን የአስተናጋጅ ተማሪ መስላቸው "ቡናው የት ነው?" ይሏታል። እኔን ብለውኛል፣ ያውም ከማቅረቤ በፊት። ልብሱ ለእነሱ ሳይሆን ለአንቺ ልብ ነው እህቴ። እጅሽን እንደልብ የምታነሺበት፣ ስትቀመጪ የማትጎትቺው ነገር ልበሺ። ባጅሽን ደግሞ ከፍ አድርገሽ አንጠልጥዪው። ገመዱ ረጅም ነው፣ ቋጥረሽ አሳጥሪው። ስምሽ ሆድሽ ላይ ከዋለ ሰው ለማንበብ ያፍራል።

መሠረቱን_ፈትሹ፦
የቡናውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። እሺ፣ ሸሚዙን ትግዛ። የ20 ደቂቃው ነገር ግን እንዳይረሳ።

አምስተኛ_ረድፍ፦
"ማንንም አላውቅም" ያልሽውን ሁሉም ዘሎታል። ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

ግብዣው ላይ ስትደርሺ በሩ ላይ አትቁሚ፣ ስልክሽንም አታውጪ። የመጽሐፍ ጠረጴዛ ካለ ወደዚያ ሂጂ። መጽሐፍ ሲያገላብጥ ያገኘሽውን ሰው "ይሄ እንዴት ነው?" ማለት ምንም አያስፈራም። ክብ ሠርተው ከቆሙት መካከል ትከሻ ለትከሻ የገጠሙትን ተያቸው፣ የግል ወሬ ላይ ናቸው። ክቡ ክፍት የሆነውን ፈልጊ። ጠጋ ብለሽ ትንሽ አዳምጪ፣ ከዚያ ራስሽን አስተዋውቂ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ምን ላይ ነው የምትሠሪው?" መልሱን ዛሬ ማታ አዘጋጂ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ። "የመነኮሳት ሱፍ ለኢጣሊያ ነጋዴዎች እንዴት ይሸጥ እንደነበር ነው የማጠናው" ካልሽ ሰው ራሱ ይቀጥልልሻል። ከዚያ አንቺም መልሰሽ ጠይቂ።

ሊድስ መሆንሽ ደግሞ ዕድል ነው። ሲስተርሲያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1152 የሰፈሩበት የከርክስቶል ገዳም ፍርስራሽ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። እነዚህ ሰዎች ያልተቀለመ ሱፍ ስለሚለብሱ "ነጮቹ መነኮሳት" ይባሉ ነበር፤ በጎችም ያረቡ ነበር። "ገዳሙን አይታችሁታል?" ብትዪ ጨዋታው ይከፈታል።

ወይን መጠጣት ግዴታ አይደለም። ጭማቂ ወይም ውኃ ያዢ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። ብርጭቆውን በግራ እጅሽ ያዢ፣ ቀኙ ለሰላምታ ደረቅ ሆኖ ይቆይ። ጨዋታው ሲያልቅ "ደስ ብሎኛል፣ ነገም እንገናኝ ይሆናል" ብለሽ መሄድ ነውር አይደለም። እነሱም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።

ቀይ_ቀለም፦
የመካከለኛውን ዘመን ልብስ በሚመለከት፦ ጓደኛሽ ከመሬት ተነስታ አይደለም። የጥንት ዕደ ጥበብ የሚያሳዩና የውጊያ ትርዒት የሚያቀርቡ ሰዎች በዚያ ልብስ ሊታዩ ይችላሉ፣ ሥራቸው ስለሆነ። ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው ግን የዘወትር ልብሱን ነው የሚለብሰው። አንዳንዱ ለጨዋታ ያህል አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ የድሮ ሥዕል ያለበት ሻርፕ ወይም የብራና ጌጥ የታተመበት ከረባት። ብትወጂው ያምራል፣ ባይኖርሽ አይጎድልብሽም።

ጭፈራው ደግሞ በጣም ደስ ይላል። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ያለው የመካከለኛው ዘመን ጥናት ጉባኤም በጭፈራው የታወቀ ነው። መጽሐፋቸውን ያነበብሽላቸው ትልልቅ ሰዎች ላብ በላብ ሆነው ሲጨፍሩ ታያለሽ። ለእሱ ጅንስሽ በቂ ነው።

ሱፍና_ብራና፦
ሱቁ ውስጥ ነኝ! ተኝቼ ቢሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር፣ ሊዘጉ ነው እያሉ በድምፅ ማጉያ ይናገራሉ። ጥቁር ሱሪ ከነኪሱ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ክሬም። በእጄ ጨምድጄ ነው የመረጥኳቸው። ኮት በልኬ የለም፣ ያለው ትከሻው ይሰፋኛል። ሻንጣውን አስመዝግቤያለሁ፣ የምለቅበትን ቀን ግን አልጻፍኩም ነበር፣ አሁን እጨምራለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጽሑፌ ውስጥ የአንድ ትልቅ ፕሮፌሰር ሐሳብ እቃወማለሁ። ግብዣው ላይ እንደሚኖሩ አይቻለሁ። ልሽሻቸው ወይስ ልቅረባቸው?

ዳር_ተመልካች፦
ሽሺ!

ጋሽ_መዝገብ፦
አትሽሺ ልጄ። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ሥራዬን አንብቦ የሚቃወመኝ ተማሪ ሳያነብ ከሚያመሰግነኝ ይልቅ ደስ ይለኛል። ብቻ አቀራረብሽን አሳምሪው። ጽሑፍሽ ውስጥ መጀመሪያ ከሳቸው ያገኘሽውን ተናገሪ፣ ከዚያ የምትለዪበትን። "ተሳስተዋል" ከማለት "ሰነዱ ወደ ሌላ መንገድ ይወስደኛል" ማለት ይሻላል። ማታ ስታገኚያቸው ክርክሩን ደግመሽ አትክፈቺ፣ ሰው መሀል ነው። ስምሽን ተናገሪ፣ "መጽሐፍዎ ነው እዚህ ርዕስ ውስጥ ያስገባኝ" በያቸው፣ እውነት ከሆነ። ጥያቄ ካላቸው እሳቸው ያነሱታል።

ሦስተኛ_ዓመት፦
ጋሽ መዝገብ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲበሉ አትጥሪያቸው። አፋቸው ሞልቶ ሰላም ለማለት ሲቸገሩ ሁለታችሁም ትሳቀቃላችሁ።

ጓዝ_ቆጣሪ፦
ደረሰኙን አሁኑኑ ፎቶ አንሺው። የዚያ አገር የደረሰኝ ወረቀት ቶሎ ይደበዝዛል።

አዲስ_ገቢ፦
ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ እኔም ሊድስ ነኝ፣ ለጉባኤው። ትርፍ ጥቁር ኮት አለኝ፣ ትከሻዬ ጠበብ ያለ ስለሆነ ይሆንሽ ይመስለኛል። ነገ ከመክፈቻው ንግግር በፊት መመዝገቢያው ጠረጴዛ አጠገብ እሆናለሁ፣ ቢጫ ሻርፕ አድርጌ። የውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ፣ እዪው። እኔም ማንንም አላውቅም፣ ወደ ግብዣው አብረን ልንሄድ እንችላለን።

ዳር_ተመልካች፦
ኮት ብዬ ነበር እኮ። ተቀበዪያት!

ቀይ_ቀለም፦
ሱፍና ብራና፣ መልእክቱን አየሽው? እስካሁን መልስ አልሰጠሽም። የት እንደሆነ የማታውቂ ከሆነ ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን የፖስታ ምልክት ተጫኚ።