«ድሃ ልጅ የሚጽፈው የለውም» ስለተባለው

ጠመኔ፦
ትናንት ማታ በሬዲዮ የቀረቡትን የትምህርት ባለሙያ ያዳመጠ አለ? ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። ጥያቄው «ተማሪዎች ከክረምት እረፍት ሲመለሱ መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ያሠራቸው?» የሚል ነበር። እሳቸው ሁለት ነገር መለሱ። አንደኛው፣ ሳምንቱን ሙሉ መጽሐፍ አይከፈት፣ ልጆቹ በጨዋታ ይላመዱ የሚል ነው። በዚህ እንኳን ሌላ ቀን እንነታረካለን። አንጀቴን ያሳረረው ሁለተኛው ነው፦ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍኩ የሚባለው ድርሰት መቅረት አለበት። ሀብታሙ ላንጋኖና ሐዋሳ ከርሞ ይመጣል፤ ድሃ ልጅ የሚጽፈው የለውም።»

የሚጽፈው የለውም! እኔ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በየመስከረሙ ከማርማቸው ድርሰቶች ሁሉ እንቅልፍ የሚያመጡብኝ የሽርሽሮቹ ናቸው። «ሄድን፣ ዋኘን፣ ዓሣ በላን፣ ተመለስን።» አለቀ። አምና ግን አንድ ልጅ እሸት ሲጠብስ እንደከረመ ጻፈ። ዝናቡ ድንገት ሲወርድ ላስቲኩን መጀመሪያ የሚያለብሰው ከሰሉን ነው፤ እሱ ቢረጥብ ይደርቃል፣ ከሰሉ ከረጠበ ግን የዕለቱ ገበያ ቀረ። የታክሲ ረዳቶች ጠንከር ያለውን፣ አሮጊቶች ወተቱ ያልደረቀውን እንደሚመርጡ ያውቃል። ገዢ ሲቀርብ ፍሬውን በጥፍሩ ወጋ አድርጎ ያሳያል። «የሚጽፈው የለውም» የሚሉት ይህን ልጅ ነው?

እናት ከሳሪስ፦
መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጁ ድርሰቱን ለእርስዎ ብቻ ነው የሰጠው ወይስ ክፍሉ ፊት ቆሞ አነበበው?

ጠመኔ፦
ቆሞ አነበበው። ተጨበጨበለት።

እናት ከሳሪስ፦
ተጨበጨበለት። እርስዎም ጭብጨባውን ሰምተው ወደ መምህራን ማረፊያ ሄዱ። በእረፍት ሰዓት ምን ተብሎ እንደተጠራ ግን አልሰሙም። እኔ ጉሊት ነው የምሸጠው። ልጄ ክረምቱን ሙሉ ከጎኔ ተቀምጦ ሽንኩርት ሲመድብ ከረመ። መስከረም ላይ መምህሩ ጻፉ አለ፤ ልጄም የዋለበትን ጻፈ፤ መምህሩም አመሰገነው። እስከ ሰኔ ድረስ ስሙ «ሽንኩርት» ሆኖ ቀረ። የሰውየው አነጋገር አይጣፍጥም፤ ነገሩ ግን እውነት አለው።

ጠመኔ፦
እህቴ፣ በልጅዎ የደረሰው ያሳዝናል። ጥፋቱ ግን የድርሰቱ ነው ወይስ ተሳዳቢዎቹን አይቶ እንዳላየ ያለፈው መምህር? ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ልጅዎ የሚጽፈው ነበረው! ባለሙያው ያሉት «ይሰደባል» አይደለም፤ «የሚጽፈው የለውም» ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

አባ ሒሳብ፦
እናንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተንጠልጥላችሁ ትልቁን ነገር አሳለፋችሁት። «መጽሐፍ አይከፈት» ተብሏል እኮ! በ2014 የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ። በ2016 5.4 ሲሆን «ተሻሻለ» ተብሎ ተወራ። እንዲህ ባለ አገር ሳምንት ሙሉ መጽሐፍ ዘግተን እንጫወት?

ከመስከረም ምን ይተርፋል? ትምህርት የሚጀመረው ዘመን መለወጫ ካለፈ በኋላ ነው። ትንሽ ሳይቆይ 16 ደመራ፣ 17 መስቀል። ለመስቀል ጉራጌና ወላይታ የገባ ተማሪ በሳምንቱም አይመለስም። ከዚያ ኢሬቻ። በዚህ ላይ የጨዋታ ሳምንት ስትጨምሩበት ጥቅምት ደረሰ። «ይላመዱ» ይሉናል። ከምን ጋር ነው የሚላመዱት? ከወንበሩ ጋር?

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦
ልጆች፣ በመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት የነበረ አስመሰላችሁት። ሰኞ መልቀቂያ ያላመጣው ሁሉ ወላጁን ይዞ ቢሮ በር ላይ ይሰለፋል። ማክሰኞ የክፍል ድልድል ይለጠፋል፤ «ከጓደኛዬ ለያያችሁኝ» የሚል ያለቅሳል። መጽሐፉ ከወረዳ አልደረሰም። ታዲያ የምትከፍቱትም የምትዘጉትም የቱን ነው? በእኔ ዘመን ይህን ጊዜ በሥራ ነበር የምንሞላው። ተማሪው ማጭድ ይዞ ይመጣል፤ በክረምቱ ጉልበት ድረስ ያደገውን የግቢ ሣር ያጭዳል፤ ሴቶቹ ክፍል ያጥባሉ። አብሮ ሲሠራ ይላመዳል። ድርሰትም ጨዋታም አላስፈለገንም።

የሁለተኛ ቢ መምህርት፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወንዶቹ ክፍል ማጠብ ተከልክለው ነበር?

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ፣ እኔ ክፍል ውስጥ «የሚጽፈው የለውም» የተባለው ልክ ነው፤ ግን ለሀብታሙም ለድሃውም ነው፤ መጻፍ አይችሉማ! ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል በነፃ ዝውውር ነው የሚያልፉት። ሰኔ ላይ ስሙን ጽፎ ያሰናበትኩት ልጅ መስከረም ላይ «መ»ንና «ሠ»ን አምታቶ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ ድርሰት ጻፍ ማለት ቅጣት ነው።

ስለዚህ እኔ የማደርገው ይህንን ነው። ፊደላቱን በካርቶን ላይ ጽፌ እቆርጥና በየጠረጴዛው እበትናቸዋለሁ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ስም ፊደላት ፈልጎ፣ ደርድሮ ያሳየኛል። ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም ይሠራል። ይጯጯሃሉ፣ ይሻማሉ። ለእነሱ ጨዋታ ነው፤ እኔ ግን የትኛው ልጅ የትኛውን ፊደል ክረምቱ እንደበላበት እየዞርኩ እጽፋለሁ። ክረምቱን ቄስ ትምህርት ቤት የዋለው ወዲያው ይለያል፤ ጣቱ ሳይፈራ ነው የሚሄደው። ቁርአን ቤት የከረመውም ፊደሉ ሌላ ቢሆንም ተቀምጦ ማዳመጡና በቃል መያዙ አብሮት ይመጣል። መጽሐፍ አልከፈትኩም፤ ግን ሥራ ፈትቻለሁ? ባለሙያው «ጨዋታ» ያሉት ይህን ከሆነ ከጎናቸው ነኝ።

አባ ሒሳብ፦
እህቴ፣ እሳቸው ይህን አላሉም። መዝሙርና ገመድ ጉተታ ነው ያሉት። የራስሽን ጥሩ ሐሳብ አምጥተሽ አታልብሺያቸው።

የሜሪላንዷ፦
ጣልቃ ብገባ አትቆጡኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ረዳት መምህርት ነኝ። እዚህ ረጅሙ እረፍት በበጋቸው ነው፤ በገናና በአዲስ ዓመታቸው ሰሞን ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ይዘጋል። በጃንዩዋሪ ሲመለሱ «የት ሄዳችሁ፣ ምን ስጦታ አገኛችሁ» ብላችሁ አትጠይቁ ተብለን እንመከራለን። በዚህ ሀብታም በሚባል አገርም በትምህርት ቤት ምሳ የሚኖር፣ እረፍቱ የረሃብ ሁለት ሳምንት የሚሆንበት ልጅ አለ።

በምትኩ «የበረዶ ኳስ» እናጫውታቸዋለን። እያንዳንዱ ልጅ ከእረፍቱ በፊት ከተማረው የሚያስታውሰውን አንድ ነገር በወረቀት ይጽፋል፤ ስሙን አይጽፍም። ወረቀቱን ጨምድዶ ይወረውራል። ሁሉም አጠገቡ የወደቀውን አንስቶ ያነብባል፤ ትክክል ነው ወይስ ስህተት ብሎ ይከራከራል። ስም የለበትም፤ ስለዚህ ማንም ማንንም «ሽንኩርት» አይለውም።

ለአባ ሒሳብ ደግሞ፦ በ1996 እ.ኤ.አ. እዚህ አገር ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተመርምረው፣ በረጅሙ እረፍት ልጆች የአንድ ወር ያህል ትምህርት ወደኋላ እንደሚቀሩ፣ ከንባብም ይልቅ ሒሳብ እንደሚጎዳ ታይቷል።

አባ ሒሳብ፦
ይኸው! ሒሳብ! ለዓመታት የምጮኸው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን የማባዛት ሰንጠረዥ!

ጠመኔ፦
ወረቀት መወራወር! እኔ ክፍል ሰባ ልጅ ነው ያለው፤ አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት ይቀመጣሉ። ሰባ ኳስ በአንድ ጊዜ ሲወረወር ርዕሰ መምህሩ ረብሻ ተነሳ ብለው ይሮጣሉ። ወረቀቱስ ከየት ይመጣል? ከደብተር ተገንጥሎ ነው። የሜሪላንዷ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፤ ግን በረዶ በሌለበት አገር የበረዶ ኳስ…

የሜሪላንዷ፦
በረዶውን ተዉት እንጂ መምህር! የጨርቅ ኳስ ይባል፤ ስሙ ምን ያደርጋል? እኔ ያነሳሁት ስም ሳይጻፍ የሚለውን ነው፤ እርስዎ የያዙት በረዶውን።

እናት ከሳሪስ፦
እኔ ስም የሌለበትን ወድጄዋለሁ። ደብተር ከሆነ ችግሩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ከተማው ነው የሚሰጠው፤ ምገባውም አለ። በእኛ አያሳብቡ። ከሁለት ገጽ ወረቀት የልጄ ስም ይበልጥብኛል።

ጠመኔ፦
ስም የሌለበት ጽሑፍ ግን ባለቤት የለውም። የእሸቱ ልጅ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» ሊል ይገባዋል። ልጁ በሥራው ሊያፍር ነው ብላችሁ አስቀድማችሁ ወሰናችሁለት። ይህ ራሱ ንቀት ነው። ባለሙያውም እናንተም ከአንድ ምንጭ ቀድታችኋል።

እናት ከሳሪስ፦
ንቀት? እኔ በጉሊቴ አፍሬ አላውቅም! ልጄም አላፈረም፤ አሳፈሩት። በዚህ ዓመት ምን ብዬ እንደነገርኩት ያውቃሉ? «ከተጠየቅህ ሐዋሳ ሄድን፣ ዋኘን ብለህ ጻፍ» ብያለሁ። ሐዋሳን በቴሌቪዥን አይቶታል፤ ይበቃዋል። እርስዎም ሲያርሙ እንቅልፍዎ ይምጣ።

የሁለተኛ ቢ መምህርት፦
እዚህ ላይ እኔም ልቤ ተከፈለ። ጠመኔ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ድርሰቱን ያስጽፉ፣ ግን ጮክ ብሎ ማንበቡ ለምን ግዴታ ይሆናል? የፈለገ ያንብብ፤ ያልፈለገ ለእርስዎ ይስጥ።

ጠመኔ፦
በፈቃድ ከሆነ የሽርሽሩ ልጅ ብቻ ነው እጁን የሚያወጣው። ታዲያ ክፍሉ ዓመቱን የሚጀምረው ሐዋሳን ሲሰማ ነው።

የጮቄ ልጅ፦
ስታወሩ ሳነብብ ነበር የቆየሁት። እናንተ የምትከራከሩት ትምህርት ቤቱ ለሚከፈትለት ልጅ ነው። በእኛ አካባቢ፣ በጎጃም፣ ግጭቱ ከተጀመረ ወዲህ ደወል ያልተሰማባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ትግራይ ውስጥም በ2012 መጋቢት በኮቪድ ምክንያት የተዘጋው በር፣ ጦርነት ተጨምሮበት እስከ 2015 ድረስ ያልተከፈተላቸው ብዙዎች ናቸው። ሰባት ዓመቱ ላይ የቀረ ልጅ አሥር ዓመት ሲሞላው አንደኛ ክፍል ተቀመጠ። ይህን ልጅ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍክ» ትሉታላችሁ? የሚጽፈው አለው፤ እጅግ ብዙ አለው። ማን ያነብበዋል? አንብቦስ ምን ያደርጋል? እህቴ እነዚህን ልጆች ነው የምታስተምረው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሠራቻቸው ነገር በየቀኑ አንድ ዓይነት ነበር፦ በተለመደው ሰዓት ገብተው፣ በዚያው ቦታ ተቀምጠው፣ ያንኑ መዝሙር ዘምረው፣ በተለመደው ሰዓት መውጣት። ነገ ምን እንደሚሆን ማወቅ ነው የናፈቃቸው። አባ ሒሳብ የሚስቁበት መዝሙር ማለቴ ነው።

አባ ሒሳብ፦
ወንድሜ፣ በዚያ ልጅ ላይ አልሳቅኩም። ስለ አዲስ አበባ ነበር የማወራው። ለመሆኑ ትምህርት ቤቱን የዘጋው ማን ነው? እሱንም አብረህ ተናገር እንጂ፤ ግማሹን ብቻ…

አወያይ፦
አባ ሒሳብ፣ ወደዚያ አንገባም። ባለፈው በዚህ የተነሳ ሰው አስወጥተናል። ርዕሱ የመጀመሪያው ሳምንት ነው።

የጮቄ ልጅ፦
እኔም ገና መጀመሪያ ላይ ያልኩት ይኸንኑ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት የማይመጣላቸው አሉ።

ጠመኔ፦
የጮቄ ልጅ፣ ለዚያ ልጅ ድርሰቱ ይቆየው። ግን አየህ? አንተም «የሚጽፈው አለው» አልክ። ከሬዲዮው ሰውዬ በቀር ሁላችንም በዚህ ተስማምተናል ማለት ነው።

እናት ከሳሪስ፦
እኔ አልተስማማሁም። አይጨምሩኝ።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦
ከሁሉም የእኔ ማጭድ ይሻላል፤ ሣር ሲያጭድ ማን ሐዋሳ እንደሄደ፣ ማን ጉሊት እንደዋለ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም እኩል ያልበዋል።

የሁለተኛ ቢ መምህርት፦
እኩል አያልባቸውም ጋሼ። እኔ የተማርኩት እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ነው። ማጭድ የሌለው ልጅ በእጁ ይነቅል ነበር፤ የባለ መኪናው ልጅ ደግሞ ዘበኛ ልኮ ያሳጭድ ነበር። ማጭድ ይዞ ያልመጣ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር፤ እርስዎም ይህን አድርገው ይሆናል።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦
የመለስኩት ማጭድ እንዲያመጣ እንጂ እንዲቀር አይደለም።

አባ ሒሳብ፦
ስለ ሣሩ ከተነሳ እኔም ጥያቄ አለኝ። ያ ሁሉ ሣር የት ይገባ ነበር? እኛ ትምህርት ቤት ለከብት አርቢዎች ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ገንዘቡን ግን ያየ ተማሪ የለም። የጠመኔ እጥረት ነበረብን!

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር፦
በእኔ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ሸክም የገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል 64፣ ይቆረጥ ነበር። መዝገቡ ወረዳ አለ፤ ሄደህ ጠይቅ።

አባ ሒሳብ፦
የስንት ዓመት መዝገብ ነው ጋሼ? ወረዳው እንደሆነ የዘንድሮውን መጽሐፍ እንኳን አላገኘውም።