«የጫማ ምርጫ ቅንጦት ነው» ስለተባለው

ጣና ዳር፦
ትናንት ማታ በሬዲዮ የስፖርት ሰዓት የቀረበው እንግዳ፣ ለባሕር ዳር ታዳጊ ሯጮች ጫማ መግዣ መዋጮ ይሰብሰብ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው፤ የጫማ ምርጫ ቅንጦት ነው» አለ። ደሜ ፈላ። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ባዶ እግሩን የሮጠው ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው። መረጠ ማለት ነው! በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2:12:11 ገባ፤ ከሮሙ ሰዓቱ ከሦስት ደቂቃ በላይ ፈጥኖ። ለምን ይሄኛውን ማንም አያነሳውም?

አሰልጣኝ ዘሽምብጥ፦
ሰውየው ላይ አትቸኩሉ። ቅንጦት ያለው ካርቦኑን፣ ማለትም ሶሉ ውስጥ የካርቦን ሰሌዳ ያለበትን የውድድር ጫማ ይመስለኛል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 ስትገባ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ይመዝናል፣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ይህን ለ16 ዓመት ልጅ በመዋጮ መግዛት ቅንጦት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ጣና ዳር፦
አሰልጣኝ፣ ካርቦንን ያነሱት እርስዎ ነዎት። ሰውየው «ምርጫ» ነው ያለው። ምርጫ ማለት እኮ ማታ፣ እግር ውሎበት ካበጠ በኋላ፣ ልጁን ወረቀት ላይ አቁሞ የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ መሳል ነው። ሁለቱ እግሮች ብዙ ጊዜ እኩል አይሆኑም፤ የሚገዛው በትልቁ ልክ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር መትረፍ አለበት። ካልተረፈ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ሲወርድ ጣቱ የጫማውን ጫፍ እየገጨ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይነቀላል። ይሄ ቅንጦት ነው?

ድብ አንበሳ፦
ቁጥሩ ልክ ሆኖ ተረከዙ የሚንሸራተትም አለ። ክሩን በላይኛው ትርፍ ቀዳዳ በዚያው በኩል አስገብታችሁ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፣ የወዲያኛውን ጫፍ በቀለበቱ አሳልፋችሁ ሳቡት። ተረከዝ ይይዛል፣ ውሃ መቋጠር ይቀንሳል። የጥጥ ካልሲ ግን ላብ ከጠጣ በኋላ ምንም ቢታሰር ቆዳ ይልጣል።

እህተ አባይ፦
ዋናው ጥያቄ ዕድሜው ነው። የልምምድ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። በሳምንት 120 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ልጅ 600ውን በአምስት ሳምንት ይጨርሳል። እዚህ ግን የታችኛው ጎማ እስኪበሳ ነው የሚጠበቀው፤ ስፖንጁ ከጎማው ቀድሞ ነው የሚሞተው። ጎኑን በአውራ ጣት ጫኑት፤ ድንጋይ ከሆነባችሁ፣ ጎኑ ላይ የተኙ ሽብሽቦች ካሉ፣ አልቋል። ከዚያ በኋላ የመሬቱን ምት የሚቀበለው ቅልጥም ነው።

አሰልጣኝ ዘሽምብጥ፦
እህቴ፣ በአምስት ሳምንት አንድ ጫማ ማን ይችላል? ልጆቹ የሚሮጡት በሰልባጅ ነው። ይህንን ነው ሰውየው ያወቀው።

እህተ አባይ፦
ሰልባጅም ይመረጣል እኮ! ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላው ይዩት። ወደ ውስጥ ካጋደለ የሌላ ሰው እግር ቀርጾታል፤ የእርስዎን ልጅ ጉልበት ይዞ ነው የሚያጋድለው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ይግዙት።

ድብ አንበሳ፦
ሰልባጁን በማስቲሽ አጣብቀው የሚሸጡትንስ? ሶሉን ከጣቱ በኩል ትንሽ ጎተት አድርጉት፤ ዳር ዳሩ ላይ ቢጫ ሙጫ ካያችሁ ተዉት፣ በመጀመሪያው ዝናብ አፉን ይከፍታል። ሲረጥብ ደግሞ እሳት ዳር የምታስቀምጡ፣ ስፖንጩ ይኮማተራል። ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ።

ጣና ዳር፦
ወደ «ቅንጦት» እንመለስ። ሯጩ ደራራ ሁሪሳ በ2021 ቪየና ማራቶን ላይ አንደኛ ገብቶ ተሰረዘ። ለምን? የሶሉ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ለጎዳና ውድድር የሚፈቀደው 4 ነው። ድል የተነጠቀው በአንድ ሴንቲ ሜትር ነው። የጫማ እውቀት ቅንጦት ቢሆን ይህ ባልሆነ!

አሰልጣኝ ዘሽምብጥ፦
እሱ ደንብ ማወቅ ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞ ለእኔ ማስረጃ ሆነልኝ። ያ ወፍራም ሶል ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚት ያዞራል። ወደ ዘጌ በሚወስደው ጠጠር ላይ ልጆች ካርቦን አድርገው ሲሮጡ ማየት ያሳዝነኛል። እግሩ ገና ያልጠነከረ ልጅ ሥራውን ሰሌዳው ከሠራለት የራሱ ጡንቻ መቼ ይሠራል? ዝቅ ያለ ቀላል ጫማ ይበቃዋል።

እህተ አባይ፦
እዚህ ላይ በግማሽ እስማማለሁ። ካርቦን ለውድድር ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት በጥቂት ፈጣን ልምምዶች ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ሮጦበት ይለመዳል እንጂ በየቀኑ አይደረግም። «ዝቅ ያለ» ያሉት ግን አደገኛ ነው። የተረከዙ ከፍታ ከጣቱ በ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ጫማ የለመደን ልጅ በአንድ ቀን ወደ 4 ካወረዱት ባቱና የተረከዙ ጅማት ይታመማል። ሳምንታት ወስዶ፣ በአጫጭር ሩጫ ነው የሚለመደው።

አሰልጣኝ ዘሽምብጥ፦
በባዶ እግሩ ያደገ ልጅ ምን ይጎዳዋል? አበበስ?

ጣና ዳር፦
ይኸው ተመልሰን አበበ ጋ ደረስን! አሰልጣኝ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ እባክዎ ያንብቡት። መዋጮው ይሰብሰብ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የልምምድ ጫማ፣ ካልሲ ጭምር።

አሰልጣኝ ዘሽምብጥ፦
ለልምምድ ጫማ ከሆነ እኔም አዋጣለሁ። አንድ ካርቦን ከተገዛ ግን ስሜን አውጡልኝ።

ድብ አንበሳ፦
በውድድሩ ቀንስ? የአዲስ አበባዎቹ በካርቦን መጥተው የእኛዎቹ በልምምድ ጫማ አጠገባቸው ይቁሙ ነው የሚሉት?